የቤት ምክር፤ ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላሉ አባቶች። በኮምፒዩተር ያስቀመጥነውን ሀብት ስለ መጠበቅ የምናስበውም ብዙ ጊዜ ከጠፋ በኋላ ነው።

ባለፈው ክረምት በምናውቀው አንድ ቤት እንዲህ ሆነ። የቤቱ እመቤት የልጆቻቸውን የክርስትና ፎቶግራፍ፥ ያረፉት እናታቸውም የቤተ ሰቡን የትውልድ ሐረግ ሲቈጥሩ የተቀረጸውን ድምፅ፥ ሁሉን በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ አኑረው ነበር። መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ማግስት ኮምፒዩተሩ አልነሣም አለ፤ ጠጋኙም ዲስኩን መርምሮ «ከዚህ ምንም አይወጣም» አላቸው። ኮምፒዩተር በብር ይተካል፤ የእናት ድምፅ ግን በምን ይተካል?

ዲስክ የሚያረጅ ዕቃ ነው፤ የሚሞትበትንም ቀን አስቀድሞ አይናገርም። በላዩ የተቀመጠው ፋይል የት እንዳለ የሚመዘግበው ሥርዐት «ፋይል ሲስተም» ይባላል፤ ጠባዩም ልዩ ልዩ ነው። በፍላሽ ላይ የተለመዱት ፋት32 እና ኤክስፋት፥ ጽሕፈቱ ሳይፈጸም መብራት ቢጠፋ ወይም ፍላሹ በድንገት ቢነቀል መዝገባቸው ሊበላሽ ይችላል። የዊንዶውስ ኤንቲኤፍኤስና የሊኑክስ ኢኤክስቲ4 ግን በመዝገቡ ላይ የሚያደርጉትን ለውጥ አስቀድመው በማስታወሻ ስለሚይዙ፥ ሥራው በመካከል ቢቋረጥ መዝገባቸውን መልሰው ያቃናሉ።

ከእነዚህም ይልቅ ጥንቁቅ የሆነው፥ ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2005 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ዜድኤፍኤስ ነው። እርሱ ለእያንዳንዱ የጽሕፈት ክፍል የመቈጣጠሪያ ቍጥር አስልቶ ይይዛል፤ ፋይሉ በተነበበ ጊዜም ዳግመኛ አስልቶ ያስተያያል። ይህም ብራና ጸሓፊ የገለበጠውን ከመጀመሪያው መጽሐፍ ጋራ እያስተያየ እንደሚያርመው ያለ ነው። ስሕተት ሲያገኝ፥ በሁለተኛ ዲስክ ደኅና ቅጂ ካለው፥ የተበላሸውን ራሱ ያድሰዋል።

ነገር ግን ፋይል ሲስተም የቱንም ያህል የታመነ ቢሆን፥ ሌባ የወሰደውን ወይም እሳት የበላውን ዲስክ አይመልስም። ስለዚህ መጠባበቂያ ቅጂ ያስፈልጋል፤ እርሱም መኖሩ ብቻ አይበቃም። በ1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ፒክሳር የተባለው የአሜሪካ የፊልም ድርጅት «ቶይ ስቶሪ 2» የተባለውን ፊልም ሲሠራ፥ በስሕተት በተሰጠ አንድ የመደምሰሻ ትእዛዝ አብዛኛው ሥራ ጠፋ። መጠባበቂያ ቅጂ አለን ብለው ቢሄዱ፥ ቅጂው የማይረባ ሆኖ ተገኘ። ሥራውን ያዳነው፥ ከባለሙያዎቹ አለቆች አንዷ ጋሊን ሱስማን ልጅ ወልዳ በቤቷ ትሠራ ስለ ነበር፥ በቤቷ ኮምፒዩተር ላይ የነበረው ቅጂ ነው።

እንግዲህ በየቤታችን እንዲህ እናድርግ። አንደኛ፥ ለከበረ ፋይል ሁሉ ሦስት ቅጂ ይኑረን። ሁለተኛ፥ ቅጂዎቹ ቢያንስ በሁለት ዐይነት ማስቀመጫ ይሁኑ። ሦስተኛ፥ አንዱ ከቤታችን ውጭ፥ በታመነ ዘመድ ቤት ወይም በኢንተርኔት ማከማቻ ይቀመጥ። የውጭው ዲስክ ሥራው እንዳለቀ ይነቀል፤ ፋይል ቈልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ክፉ ፕሮግራም ወደ ኮምፒዩተሩ ቢገባ፥ ተሰክቶ ያገኘውን ዲስክ አይምርምና። በየወሩ መባቻም ከቅጂው ጥቂት ፎቶግራፍ አውጥታችሁ ክፈቱ፤ ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ እንደ ሌለ ይቈጠራልና። ይህንም ሥራ ከልጆቻችሁ ለአንዱ በኀላፊነት ብትሰጡት ትጋትን ይማርበታል።

ከላይ የጠቀስናቸው እመቤት፥ ከቀረጹት ድምፅ ጥቂት ደቂቃ በውጭ አገር ባለች እኅታቸው ስልክ ላይ አገኙ። አሁን በሦስት ቦታ አኑረውታል። የቀረውን የትውልድ ሐረግ ግን የሚቈጥርላቸው ሰው የለም። በእናንተም ቤት የሚቈጥሩ አያት ካሉ፥ ዛሬ ቅረጹ፤ ሳትተኙም ገልብጡ።