ድሬን የወለዳት ባቡር እንጂ ኮታ አይደለም!

«ከየትኛው ኮታ ነህ?»

ይህን የጠየቀችኝ የአንድ መሥሪያ ቤት የቅጥር ሠራተኛ ናት። ጊዜው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ቦታው ተወልጄ ያደግሁባት ድሬዳዋ። እኔ ደግሞ የኮሌጅ ዲፕሎማዬን በፕላስቲክ ሸፍኜ ደጅ የምጠና ሥራ ፈላጊ። «ከከዚራ ነኝ» አልኳት። ሳቀች። «እሱማ ሰፈር ነው፤ ብሔርህን ነው የጠየቅኩህ» አለችኝ።

እንግዲህ ፍረዱ! የአባቴ አባት ከቡልጋ በእግሩ መጥቶ ሐዲድ ላይ የተቀጠረ ሰው ነው። የእናቴ እናት ቁልቢ አካባቢ የተወለደች ኦሮሞ፣ የእናቴ አባት ደግሞ ጉራጌ ነጋዴ። አክስቴን ያገባት ሶማሌ ነው፤ የእሷን ልጆች እንደ ወንድሞቼ አብሬ በልቼ አብሬ ተኝቼ ነው ያደግሁት። ከዚህ ሁሉ የትኛውን ቆርጬ ልስጣት? «የባቡር ልጅ ነኝ» ብያት ወጣሁ። ሥራውን አላገኘሁም። እሱስ ይቅር! ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ ከጉሮሮዬ አልወረደም። ዛሬ መልሱን በአደባባይ ልናገር ነው።

ባለቤቱ ማን ነው?

እስቲ ከሥሩ እንጀምር። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ ሲሰጡ ሐዲዱ ሐረር ሊገባ ነበር የታሰበው። የሐረር ተራራ ግን ለባቡርም ለገንዘብም አልተመቸም። ስለዚህ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ፣ ከሜዳው ላይ ቀረ። ታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ ድሬ ደረሰ። ቦታውም «አዲስ ሐረር» ተባለ፤ ሕዝቡ ግን ድሬዳዋ ማለቱን አልተወም።

ከዚያ የሆነውን ልብ በሉ። የኩባንያው ገንዘብ አለቀና ሐዲዱ ለዓመታት ድሬ ላይ ቆመ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ለዓመታት የመሥመሩ መጨረሻ ድሬ ነበረች ማለት ነው። ከጅቡቲ የመጣ ዕቃ እዚህ ይራገፋል፤ ከመሐል አገር የመጣ ቡናና ቆዳ እዚህ ይጫናል። የመናዊው፣ ሕንዱ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ እዚህ ሱቅ ከፈተ። አማራው፣ ጉራጌው፣ ሐረሪው፣ ኦሮሞው፣ ሶማሌው እዚህ ተሸከመ፣ ነገደ፣ ብረት ቀጠቀጠ።

«ታዲያ መሬቱ ባዶ ነበር ልትለን ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም! ባዶ ነበር የሚል ካለ ውሸቱን ነው። ኢሳው፣ ጉርጉራው፣ ኖሌው ባቡሩ ከመፉጨቱ በፊት በዚያ ሜዳ ከብቱንና ግመሉን ያሰማራ ነበር። ይህን የሚክድ የድሬን ታሪክ አያውቅም። ግን ሜዳና ከተማ ሁለት ነገር ናቸው። ከተማዪቱን ያቆመው የሠራ ሁሉ ነው፤ ከነባሩም ከመጤውም።

ሌላም ውሸት አለ። ድሬ ከጥንት ጀምሮ የፍቅር ገነት ነበረች የሚሉ የናፍቆት ዘፋኞች አሉ። የለም! ከዚራ ጎዳናው በመሥመር ተሰምሮ፣ ዛፍ ተተክሎለት የተሠራው ለኩባንያው ሹማምንትና ለፈረንጆች ነው። አገሬው ከደቻቱ ማዶ መጋላ ነበር የሚባለው። ሕዝቡን ያቀላቀለው የፕላን መሐንዲስ ቸርነት አይደለም። ሥራ ነው ያቀላቀለው! የባቡሩ ጥገና ወርክሾፕ፣ ጣልያን በወረራው ዘመን የተከለው የሲሚንቶ ፋብሪካ፣ የጨርቃጨርቁ ፋብሪካ፣ የቀፊራ ገበያ ናቸው ያቀላቀሉት። አባቴ ስድስተኛ ክፍል ሳይጨርስ የመፍቻውንና የብሎኑን ስም በፈረንሳይኛ ይጠራ ነበር። ከጎኑ ካለው ሠራተኛ ጋር በኦሮምኛ ይቀልዳል፣ ሻይ ቤት ሲገባ በሶማሊኛ ሒሳብ ይጠይቃል፣ ማታ ቤቱ ሲገባ በአማርኛ ይቆጣናል። ይህን «መቻቻል» የሚባል ዎርክሾፕ ገብቶ አልተማረውም። ካልተግባቡ ባቡሩ አይነሳማ!

ሥራ ሲሞት ዘር ይቆጠራል

አሁን ወደ ቁስሉ ልምጣ። ያ ባቡር ቀስ በቀስ ሞተ። ለመለዋወጫ የሚሆን ገንዘብ ጠፋ፣ ሐዲዱ አረጀ፣ ፉርጎው ዛገ፤ በ2001 ዓ.ም. ገደማ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መሥመር ጭር አለ። አባቴና ጓደኞቹ ማለዳ ቱታቸውን ለብሰው ይወጡና ባዶ ወርክሾፕ ውስጥ ካርታ ሲጫወቱ ይውሉ ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ። የሚጠግኑት ባቡር የሌላቸው ጥገና ሠራተኞች!

መስከረም 2009 ዓ.ም. ቻይናዎች የሠሩት አዲሱ የ752 ኪሎ ሜትር የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ፤ እሰየው። ግን ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ ነው። የከዚራው ለገሃር፣ የከተማዪቱ ልብ፣ ለፎቶ ማንሻ ቀረ። ድሬ ባቡር አላት፤ ባቡሩ ግን ድሬን አያውቃትም።

እንግዲህ ቂጣው ሲያንስ ምን ይሆናል? ቢላዋ ይመጣል! የኛ ቢላዋ 40-40-20 ይባላል። በኢሕአዴግ ዘመን የተቀመረ ነው፤ አርባው የኦሮሞ ድርጅት፣ አርባው የሶማሌ ድርጅት፣ ሃያው «የሌሎች»። በ1996 ዓ.ም. የወጣውን የድሬዳዋ ቻርተር፣ አዋጅ ቁጥር 416ን ገልጣችሁ ብታነቡ ይህን ቁጥር አታገኙትም። የፓርቲዎች የጓዳ ስምምነት ነውና! ለወንበር ተብሎ ተጀመረ፤ ቆይቶ አስተሳሰቡ ወደ ቅጥሩ፣ ወደ ዕድገቱ ወረደ። እኔ ፊት ላይ የተወረወረችው ጥያቄ የዚያ ልጅ ናት።

በራሳቸው ሚዛን እንኳ እንመዝነው ብንል ሒሳቡ አይሠራም። በ1999ኙ ቆጠራ የድሬዳዋ ሕዝብ 341,834 ነበር። ኦሮሞው 46 በመቶ ገደማ፣ ሶማሌው 24 በመቶ ገደማ፣ አማራው 20 በመቶ ገደማ፤ ጉራጌውና ሌላው ቀሪው። ከዚያ ወዲህ አገሪቱ ሕዝቧን አልቆጠረችም። እንግዲህ 40-40-20 ከየትኛው ሰማይ ወረደ? የተቀላቀለውስ ልጅ በየትኛው ዓምድ ይገባል? አንድ እግሩ አርባው ውስጥ፣ አንድ እግሩ ሃያው ውስጥ ይቁም?

የቀመሩን ጠበቆች መልስም አውቀዋለሁ። «ኦሮሚያም ሶማሌም ይገባኛል ያሏት ከተማ ናት፤ ክፍፍሉ ሰላም አስገኝቷል» ይላሉ። ጥያቄው የእውነት ነበር፤ ድሬ በፌዴራል መንግሥት ሥር የገባችውም ለዚያ ነው። ኦሮምኛና ሶማሊኛ ተናጋሪው በመንግሥት ቢሮ ደጃፍ አንገቱን ደፍቶ፣ አስተርጓሚ ለምኖ የሚቆምበት ዘመንም ነበር። ያ ግፍ ነው፤ ይመለስ የሚል ካለ እኔ ከእሱ ጋር የለሁበትም። ግን የዚያ ግፍ ካሳው በሦስቱም ቋንቋ የሚያስተናግድ ቢሮ ነው፣ በሦስቱም የሚያስተምር ትምህርት ቤት ነው። የአንዱን ልጅ በር ላይ አቁሞ የሌላውን ማስገባት ካሳ አይደለም፤ ግፉን ተራ ማስያዝ ነው! ደግሞስ ወንበሩን የተካፈሉት ድርጅቶች በ2012 ዓ.ም. ተጠቃለው አንድ ፓርቲ ሆኑ አይደል? ተካፋዮቹ አንድ ከሆኑ ክፍፍሉ የማን ነው?

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ፣ ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲበላ የነበረውን የድሬ ልጅ አይረሳውም። ጠዋት አሸዋ ሲቆፈር «ይሄኛው ከየትኛው ኮታ ነው?» ያለ ሰው አልነበረም። ለመሞት ኮታ ካላስፈለገን ለመኖር ለምን ያስፈልገናል?

ምን ይደረግ?

ማማረር ብቻ የጋዜጠኛ ሥራ አይደለምና የምጠይቀውን ልዘርዝር።

አንደኛ፣ ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ነፃ የንግድ ቀጣና ተመርቋል፤ ኢንዱስትሪ ፓርክም አለ። ሥራ ተመልሶ ሊመጣ ነው ከተባለ የተቀጣሪው ስምና የፈተና ውጤቱ በግልጽ ይለጠፍ። ሰውየው ምን እንደሚችል እንጂ አያቱ ማን እንደነበሩ አይጠየቅ።

ሁለተኛ፣ የከዚራው ወርክሾፕ ከነማሽኖቹ ይዳን። ሙዚየም ብቻ ሳይሆን የሙያ ትምህርት ቤት ይሁን። ብረት የሚያናግሩ ሽማግሌዎች ገና አሉ፤ ሳይሞቱ ልጆቻችንን ያስተምሩ።

ሦስተኛ፣ 40-40-20 በጓዳ እንደተወለደ በጓዳ አይቀበር። ምክር ቤት ይቅረብ፣ ሕዝብ እየሰማ በይፋ ይሻር። በጓዳ የተቀበረ ነገር ማታ ይነሳል።

አባቴ ዛሬ በሕይወት የለም። ቱታው ግን ቤታችን ተሰቅሏል፤ ኪሱ ውስጥ የቀረችው አሮጌ መፍቻ ነበረች። አገላብጬ አየኋት፤ ብሔር አልተጻፈባትም። ለዚያች የቅጥር ሠራተኛ ያኔ ያልመለስኩላትን አሁን ልመልስላት፤ እህቴ፣ ኮታዬ መቶ በመቶ ድሬ ነው። አቦ፣ ይኼንን መዝግቢልኝ!