«ቻው» ብሎ የሄደው ልጅ

የዛሬዋ ደብዳቤ ጸሐፊ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ናት። «ስንለያይ ሁልጊዜ ‹እደውልልሻለሁ› ነበር የሚለኝ። ባለፈው ተጨቃጭቀን ‹ቻው› ብቻ ብሎኝ ሄደ። ይኸው ሁለት ሳምንት አልደወለም። ቻው ማለት በቃ ማለት ነው?» ትላለች።

እህታችን፣ የልጁን ልብ ከዚህ ሆነን ልናይልሽ አንችልም። እስቲ ቃሉን ግን እንመርምርልሽ፤ ታሪኩ ጉድ ነው!

ቻው ከጣሊያን መምጣቱን እንደ ማኪያቶው ሁሉ ማንም ያውቀዋል። ትውልዱ ግን ቬኒስ ነው። የጥንት ቬኒሶች ሲገናኙም ሲለያዩም «ስቻቮ» ይባባሉ ነበር። ትርጉሙን ታውቂያለሽ? «ባሪያህ ነኝ» ማለት ነው! እኛም አገር ድሮ ለትልቅ ሰው ሲጻፍ «አሽከርዎ» እንደሚባለው ያለ የትሕትና አነጋገር መሆኑ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የቬኒሱ የቲያትር ደራሲ ካርሎ ጎልዶኒም ገጸ ባሕርያቱን በዚሁ ቃል ሰላም ያባብላቸው ነበር። ቃሉ አፍ ለአፍ ሲዞር እያጠረ ሄዶ «ቻኦ» ሆኖ ቀረ።

«ባሪያ» የሚለው ቃላቸውስ ከየት መጣ? ከሕዝብ ስም! በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ እየተማረኩ ከሚሸጡት ሰዎች ብዙዎቹ ስላቮች ስለነበሩ፣ በላቲን «ስክላቩስ» የተባለው የሕዝቡ መጠሪያ የባሪያ መጠሪያ ሆኖ አረፈው። የጣሊያኑ ስኪያቮ፣ የፈረንሳዩ ኤስክላቭ፣ የጀርመኑ ስክላቨ፣ የእንግሊዙ ስሌቭ ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ቬኒስ ደግሞ በዚህ ንግድ ከከበሩት ከተሞች አንዷ ነበረች። የሚገርመው፣ ዛሬ ቼኩም ስሎቫኩም ቡልጋሪያውም «ቻው» ይላል። እነዚህ ሁሉ እኮ ስላቮች ናቸው! የገዛ ስማቸው ተዟዙሮ ሰላምታ ሆኖ መጣላቸው።

በነገራችን ላይ ኦስትሪያውያንና ባቫሪያዎች «ሴርቩስ» የሚሉት ሰላምታ አላቸው። እሱም የላቲን ቃል ነው፤ ትርጉሙ ያው ባሪያ፣ አገልጋይ። ሃንጋሪዎችም ወስደውታል።

የእንግሊዝኛ አንባቢዎች ቻኦን ያገኙት ሄሚንግዌይ እ.ኤ.አ. በ1929 ባሳተመው፣ ስለ ጣሊያን ጦር ግንባር በሚያወራው ልብ ወለዱ ነው። በ1959 ደግሞ ዶሜኒኮ ሞዱኞ ሳን ሬሞ ላይ ባሸነፈበት ዘፈን ዓለም «ቻኦ ቻኦ» ማለት ጀመረ።

አሁን ወደ ጉዳይሽ። ጣሊያን ቻኦን ለመገናኛም ለመለያያም ይጠቀምበታል፤ ቼኩም እንደዚያው። ጀርመኑ፣ ፈረንሳዩና ፖርቹጋሉ ግን እንደ እኛ ሲለያዩ ነው የሚሉት። ደግሞ ጣሊያን ቻኦን ለማንም አይሰጥም፤ «አንተ»፣ «አንቺ» ለሚለው ወዳጁ እንጂ ለአለቃውማ «አሪቬዴርቺ» ነው። ላይገናኝ የቆረጠ ጣሊያን የሚላት ቃል ሌላ ናት፤ «አዲዮ» ትባላለች። ለእግዚአብሔር ሰጠሁህ እንደ ማለት ነው። ልጁ አዲዮ አላለሽም!

እንግዲህ ቃሉን ይዘሽ አታልቅሺ። የሚያሳስበው ሁለት ሳምንቱ ነው። ኩራት ይዞሽ ስልክ ስልክ ከምታዪ አንድ ጊዜ ራስሽ ደውይለት። ስለ ቻው ሳይሆን ስለ ጭቅጭቃችሁ ጠይቂው፤ በግልጽ። ካላነሳ ወይም ከሸሸ መልስሽን አገኘሽ ማለት ነው፤ ሦስተኛ ሳምንት አትጨምሪ። ካነሳ ደግሞ እንደ ጣሊያኖቹ ሰላምታሽን በ«ቻው» ጀምሪለት። ግራ ከገባው ይህን ገጽ አሳዪው።