ምስጋና የሸፈነው ደራሲ

ስለ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የሚነገረው ምስጋና ብዙ ነው፤ መጻሕፍታቸውን ገልጦ የሚያነብ ግን ጥቂት ነው። የአማርኛ ድርሰት አባት ይሏቸዋል፤ ልጆቹ ግን የአባታቸውን ቃል አይሰሙም።

ደግሞ ሁለት ወገኖች ያሳንሷቸዋል። አንደኛው የዘመናዊ ትምህርት ወገን ሲሆን፥ «ልብ ወለዳቸው ስብከት ነው» ይላል። ሁለተኛው ከቤተ ክህነት ወገን ነው፤ እርሱም «ኤውሮጳን አይተው የመጡ ሹም የአባቶችን ሥርዓት ነቀፉ» ይላል። የሁለተኛው ክስ ይብሳል፤ ነገሩን ገልብጦ ይናገራልና።

ኅሩይ በ1870 ዓ. ም. በመርሐ ቤቴ ተወልደው በእንጦጦ ተራራ ላይ በራጉኤል ደብር የተማሩ ሰው ናቸው። ወደ ሎንዶን የሄዱት በ1903 ዓ. ም. ከደጃዝማች ካሣ ጋራ ለንጉሥ ጊዮርጊስ 5ኛ ዘውድ በዓል ነው። በማግሥቱ ዓመት፥ በ1904 ዓ. ም. ያሳተሙት መጽሐፍ ምን ነበር? የኤውሮጳ ውዳሴ አይደለም፤ በአገራቸው የሚገኙት የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ዝርዝር ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ባዕድ ናፋቂ ማለት ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

የሚያስቈጣው መጽሐፍ በ1925 ዓ. ም. የታተመው «አዲስ ዓለም» ነው። በዚህ ታሪክ አወቀ የሚባል ወጣት ባሕር ማዶ ተምሮ ይመለሳል፤ አባቱም በሞተ ጊዜ ስለ ተዝካሩ ከዘመዶቹ ጋራ ይከራከራል። ክርክሩ ስለ ድግሱ ነው፤ ስለ መብሉና ስለ መጠጡ። ተበድሮ የደገሰ ሰው ዕዳው ለልጆቹ እንደሚተርፍ ካህናቱ ራሳቸው ያውቃሉ፤ ንስሐ የሚቀበሉት እነርሱ ናቸውና። ስለዚህ ኅሩይ የተናገሩት የውስጥ ሰው ለውስጥ ሰው የሚናገረውን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በ1923 ዓ. ም. ባወጡት «የልቤ ሐሳብ» ስለ ብርሃኔና ስለ ጽዮን ሞገሳ ጋብቻ ሲጽፉም ልጃገረድን ያለ ዕድሜዋ መዳርን ነቅፈዋል።

ስብከት ነው ለሚሉት፥ እውነት ነው፤ ሰዎቻቸው ብዙ ጊዜ በአንድ አፍ ይናገራሉ፤ ክርክሩም ቶሎ ይፈታል። ዳሩ ግን የለቅሶ ቤትን ጠብ፥ የዘመድን ጕርምርምታ፥ ሰው ምን ይለኛል የሚለውን ፍርሃት ያየ ዓይን የሰባኪ ብቻ አይደለም። በምክር መጻፍ ነውር ከሆነማ ከድሮ ድርሰታችን የሚተርፈው ስንት ነው?

ኅሩይ በ1928 ዓ. ም. ተሰደው፥ በመስከረም 1931 ዓ. ም. በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ዐረፉ። ስማቸው በየጉባኤው ይጠራል። «አዲስ ዓለም» ከታተመ ከ90 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የአወቀ ዘመዶች ግን ዛሬም ድንኳን ተክለው፥ ተበድረው የገዙትን በሬ ይነዳሉ።