የማዕበሉን ጠባይ ለደንበኛ መንገር የነጋዴ ግዴታ ነው

በደቡብ አፍሪካ፣ ቀድሞ ፖርት ኤልሳቤጥ ትባል ከነበረችው ከተማ በስተ ምዕራብ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ጄፍሪስ ቤይ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ ትገኛለች። ስሟን ያገኘችው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1849 ዓ.ም. በዚያ ሱቅ ከከፈተ ጄፍሪ ከሚባል ነጋዴ እንደ ሆነ ይነገራል። ዛሬ ግን ዝናዋ ከሱቅ ሳይሆን ከማዕበል የመጣ ነው። በሳንቃ ላይ ቆመው ማዕበል የሚጋልቡ የሰርፊንግ ወዳጆች ከ1960ዎቹ ወዲህ ከየአገሩ ስለሚጎርፉባት፣ ሳንቃ ሠሪው፣ ልብስ ሻጩና ባለ ሆቴሉ እንጀራቸውን ከዚያው ያገኛሉ።

ሱፐርቱብስ የሚባለውን ስመ ጥር ቦታ በጎበኘሁ ጊዜ የማዕበሉ ውበት አስደነቀኝ። በክረምታቸው፣ ይኸውም ከሰኔ እስከ ነሐሴ ገደማ፣ ከሩቁ የደቡብ ውቅያኖስ ወጀብ የተነሣው ማዕበል ድንጋያማውን ዳርቻ ተከትሎ በፍጥነት እየተጠቀለለ ይሰበራል። ከየብስ የሚነፍሰው የምዕራብ ደቡብ ነፋስም ፊቱን ያለሰልሰዋል። ነገር ግን ከሥሩ ያለው ዛጎል የለበሰ ስለታም ድንጋይ ነው። በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ጠባብ መግቢያ ጊዜውን ጠብቆ ያላለፈ ሰው ሳንቃውም ሰውነቱም ይጎዳል። በሐምሌ 2015 በዓለም አቀፉ ውድድር ፍጻሜ ላይ አውስትራሊያዊውን ሚክ ፋኒንግን ሻርክ ገጥሞት ሳይጎዳ ማምለጡ፣ ውድድሩም መቋረጡ ይታወሳል። እንግዲህ ይህ ቦታ ለሠለጠነ እንጂ ለጀማሪ አይደለም።

በአንድ ሱቅ ቆሜ ሳለ አንድ ወጣት እንግዳ ለሱፐርቱብስ ሳንቃ ለመከራየት መጣ። ባለ ሱቁ ስንት ጊዜ እንደ ተለማመደ ቢጠይቀው፣ «ሦስት ቀን» ሲል መለሰ። ባለ ሱቁም «ልጄ፣ ለዚያ ቦታ አላከራይህም፤ ወደ አሸዋማው ዳርቻ ሂድ» አለው። ወጣቱ ተቆጥቶ ወጣ፤ ወደ ጎረቤቱ ሱቅም ገባ። ጥቂት ቆይቶም ሳንቃ ተሸክሞ ወደ ድንጋዩ ሲወርድ አየሁት።

«የነጋዴ ሥራ መሸጥ ነው፤ ሕይወቱን የሚጠብቅ ገዢው ራሱ ነው» የሚሉ አሉ። እኛ ይህን አንቀበልም። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ እንግዳው የሚያየው ማማሩን ነው፣ ድንጋዩን የሚያውቀው ባለ ሱቁ ነው። ያወቀ ሰው ዝም ብሎ ገንዘብ ቢቀበል ከዕቃው ጋር አደጋውንም ሸጠ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ አንዱ ሲከለክል ሌላው ከሰጠ፣ ቅን ነጋዴ ትርፉን ያጣል እንጂ እንግዳው አይድንም። ስለዚህ በአንድ ገበያ የሚነግዱ ሁሉ ተስማምተው አንድ ዓይነት ጥያቄ ሊጠይቁ፣ አንድ ዓይነት ማስጠንቀቂያም በየደጃፋቸው ሊለጥፉ ይገባል። ይህ ለሳንቃ አከራይ ብቻ የተነገረ አይደለም። የጋዝ ምድጃ፣ የመኪና ጎማ ወይም የተባይ መድኃኒት የምናስመጣና የምንሸጥ ሁሉ የየራሳችን ስውር ድንጋይ አለን። እርሱን ለደንበኛው አስቀድሞ ማሳየት ከዕለት ትርፍ የሚበልጥ የንግድ ክብር ነው።