ሳይቸግር ጤፍ ብድር፦ መጠጥን በጥቅል አስቀድሞ መክፈል ያዋጣል?

ጥር ሲገባ በላይና ታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ድንኳን ይተከላል፤ ጋን ይታጠናል፤ ጌሾ ይወቀጣል። ልጁን የሚድር አባወራ ከሚያስጨንቁት ጉዳዮች አንዱና ዋነኛው የመጠጥ ነገር ነው። ስንት ጋን ይጠመቅ? ስንት ሳጥን ቢራ ይምጣ? አረቄውስ ይበቃል? እንግዳው ዳስ ገብቶ ለሚጠጣው ሒሳብ አይጠየቅም። የሚከፍለው ደጋሹ ነው፤ ያውም እያንዳንዱ እንግዳ ምን ያህል እንደሚጠጣ ሳያውቅ፣ አስቀድሞ።

ለመሆኑ መጠጥን በብርጭቆ ወይም በጠርሙስ ሳይሆን በጥቅል አስቀድሞ መክፈል ያዋጣል? ጥያቄው የጋይንት ደጋሽ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባና በባሕር ዳር በበዓል ዋዜማ የመግቢያ ዋጋውን ከነምግቡና ከነመጠጡ የሚያስከፍል አዳራሽ አለ። ሠርግን በሰው ቁጥር የሚያስተናግድ ሆቴልም አለ። በውጭው ዓለም ደግሞ ይኸው ንግድ በመዝናኛ መርከቦች ላይ ትልቅ የገቢ ምንጭ ሆኗል። ቦታው ቢለያይም ስሌቱ አንድ ነው። ስለሆነም ከመርከቡ መጀመር ይበጃል፤ እዚያ ሒሳቡ በግልጽ ይታያልና።

የመርከቡ ስሌት

በአሜሪካ የሚኖር ዘመድ ከማያሚ ተነሥቶ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች በሚጓዝ መርከብ ሊሳፈር ቲኬት ሲቆርጥ፣ ምግቡና አልጋው አብዛኛውን ጊዜ በዋጋው ውስጥ ይካተታሉ። የአልኮል መጠጥ ግን ለብቻው ነው። ኩባንያው ሁለት ምርጫ ያቀርብለታል፤ በጠጣው ልክ እየከፈለ መሄድ ወይም የመጠጥ ጥቅል ገዝቶ ያለ ሐሳብ መጠጣት።

ለስሌት ያህል የጥቅሉ ዋጋ በቀን 80 ዶላር፣ የአንድ ብርጭቆ ዋጋ 12 ዶላር ይሁን። በሁለቱም ላይ 18 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሲታከል ጥቅሉ 94 ዶላር ከ40 ሳንቲም፣ ብርጭቆው 14 ዶላር ከ16 ሳንቲም ይመጣል። ጥቅሉ ዋጋውን የሚያወጣው ተጓዡ በቀን ሰባት ብርጭቆ ሲጠጣ ነው ማለት ነው። ጉዞው ሰባት ቀን ከሆነ 49 ብርጭቆ መሆኑ ነው። መርከቡ ወደብ ላይ ቆሞ ተጓዡ ከተማ ሲዞር የሚውልበት ቀን ከሒሳቡ አይቀነስም።

በጽሑፉ ግርጌ የሚቀመጡት ደንቦች ደግሞ ስሌቱን ወደ ሻጩ ያጋድሉታል። ጥቅሉ የሚገዛው ለጉዞው ቀናት በሙሉ እንጂ ለተመረጡ ቀናት አይደለም። እንደ ካርኒቫልና ሮያል ካሪቢያን ባሉ ኩባንያዎች በአንድ ክፍል ካሉ አዋቂዎች አንዱ ጥቅል ከገዛ ሌላውም እንዲገዛ የሚያስገድድ ደንብ አለ። ባል ጠጪ፣ ሚስት ውኃና ቡና ብቻ ብትሆን የሁለት ሰው ሒሳብ ይከፈላል፤ በምሳሌው ዋጋ ለሳምንቱ 1,321 ዶላር ከ60 ሳንቲም። ካርኒቫል በ24 ሰዓት ውስጥ ከ15 የአልኮል መጠጥ በላይ አይሰጥም። «ያለ ገደብ» መስሎ የተሸጠው ነገር ገደብ አለው ማለት ነው።

ሻጩ የሚያተርፈው ከዚህ ብቻ አይደለም። የብርጭቆውንም የጥቅሉንም ዋጋ የሚተምነው እርሱ ራሱ ነው። ብርጭቆው ሲወደድ ጥቅሉ ርካሽ ይመስላል። ተጓዡ ባሕር መካከል ስለሆነ ወደ ጎረቤት መጠጥ ቤት አይሻገርም፤ ከጥቂት ወይን በቀርም መጠጥ ይዞ መግባት አይፈቀድለትም። በዚያ ላይ ገንዘቡ አስቀድሞ ይሰበሰባል። ብዙ የሚጠጡት ጥቂቶች የሚያጎድሉትን ትንሽ የሚጠጡት ብዙዎች ይሞሉታል።

ነገሩ ለአገራችን ነጋዴም እንግዳ አይደለም። የቴሌ ጥቅል ገዝቶ ግማሹን ሳይጠቀምበት ቀኑ ያለፈበት ሰው የመርከቡን ንግድ ሳይሳፈር ያውቀዋል።

የጋይንቱ ጽዋ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ከዚህ ሁሉ በፊት የቆየ የመጠጥ ጥቅል አለ፤ የጽዋ ማኅበር። አሥራ ሁለት ያህል ሰዎች በአንድ ጻድቅ ወይም መልአክ ስም ይሰባሰባሉ፤ በየወሩ ተራ የደረሰው ጠላና ዳቦ ያዘጋጃል፤ ሌሎቹ ይጠጣሉ። አንድ አባል በዓመት አንድ ጊዜ ይደግሳል፣ አሥራ አንድ ጊዜ ይጋበዛል። ይህም አስቀድሞ የተከፈለ መጠጥ ነው። ክፍያው ግን በገንዘብ ሳይሆን በተራ ነው።

ልዩነቱ የት ላይ ነው ቢባል፣ በማኅበሩ ውስጥ ሻጭና ገዢ አንድ ሰው ናቸው። ማንም ካልተጠጣው አያተርፍም፤ ከመጠን በላይ የጠጣም በተራው ለሌላው ይደግሳል። የሚቆጣጠር ሙሴ አለ። ከሙሴው በላይ ደግሞ ይሉኝታ አለ። መርከቡ በ15 ብርጭቆ ደንብ የሚያስጠብቀውን ገደብ ማኅበርተኛው በዓይን ብቻ ያስጠብቀዋል።

ወጪውም የሚወጣው ከጓሮ ነው። የጉና ተዳፋት የገብስ አገር ነው። ብቅሉ፣ ጌሾው፣ እንጨቱ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሴቶቹ ድካም በገንዘብ አይሰላም። ባይሰላም ወጪ አይደለም ማለት አይደለም፤ ጥንስሱን ጥላ፣ ድፍድፉን ቀላቅላ፣ ሌሊቱን ሙሉ ጋን ስትሞላ የምታድረው እናት ዋጋውን ታውቀዋለች። ዳሩ ግን የጠላ ድግስ ቢበላሽ የሚጎድለው ጎተራ ነው፤ ባለዕዳ አያደርግም። ከተረፈም ቅራሪው ለሰንበቱ ይሆናል።

ቢራው ሲመጣ

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አድርጎ እስከ ጋሸናና ወልዲያ የሚዘልቀው መንገድ አካባቢውን ከገበያ ጋር አገናኘው። ዳሽን ቢራ ደግሞ በ1992 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ፋብሪካውን ከፈተ። ሳጥን የጫነ አይሱዙ ከአስፋልቱ እየታጠፈ ዓርብ ገበያ፣ ወገዳና መካነ ኢየሱስ መግባት ያዘ። ዛሬ በከተሞቹ ቢራ የሌለበት ሠርግ እንደ ድግስ የማይቆጥር ሰው ጥቂት አይደለም።

እዚህ ላይ ነው የባለድግሱ ሒሳብ የተለወጠው። ወጪው ከጎተራ ወደ ኪስ ተዛወረ። ጠላ በገብስ ይጠመቃል፤ ቢራ ግን በብር ይገዛል። በ2012 ዓ.ም. የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ተሻሻለ፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ተለቀቀ። ሁለቱም በፋብሪካ መጠጥ ዋጋ ላይ ጫና ማሳደራቸው አልቀረም። የገብሱ ባለቤት ገብሱን ሸጦ ከዚያው ገብስ የተጠመቀውን በብዙ እጥፍ መልሶ ሊገዛ ይችላል።

ጥሬ ገንዘብ የሌለው ደጋሽ ከሦስቱ አንዱን ያደርጋል፤ ከብት ይሸጣል፣ ይበደራል ወይም ከአከፋፋዩ በዱቤ ያነሣል። በጥር ለቢራ የተሸጠ በሬ በሰኔ ከቀንበር ሥር ይጎድላል። ይህ የምግብ እጥረት በተደጋጋሚ የሚጎበኘው፣ ብዙ አባወራ በሴፍቲኔት ተደግፎ የኖረበት አካባቢ ነው። በእንዲህ ያለ አገር ጥንድ በሬ የቤተሰብ ካፒታል ነው፤ የአንድ ቀን መጠጥ ሊበላው አይገባም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ይህን ጊዜ ነው።

በርግጥ የደጋሹም ወገን መልስ አለው። ሠርግ ፍጆታ ብቻ አይደለም፤ እንግዳው ባዶ እጁን አይመጣም። የሰጠው በመዝገብ ይሰፍራል፤ ነገ በእርሱ ድግስ ይመለሳል። በመጠጥ የታማ ደጋሽ በገበያም ስሙ ይጎድፋል፤ ስም ደግሞ ለነጋዴ ዱቤ ነው። ክርክሩ ውኃ ያነሣል። ነገር ግን ስም የሚገኘው በአግባብ በማስተናገድ እንጂ ያልተቆጠረ ሳጥን በመደርደር አይደለም። የዕዳው ወለድ ሲቆጠር በመዝገብ የገባው ስጦታ ሳይበቃ ሊቀር ይችላል።

ለአከፋፋይና ለባለ ግሮሰሪ

ነጋዴው በበኩሉ «የመርከቡን ጥበብ እኛስ ለምን አናመጣውም?» ሊል ይችላል። በአንድ ዋጋ የቻልከውን ጠጣ የሚል ግሮሰሪ ነፋስ መውጫ ላይ ቢከፈት ያዋጣል? መልሱ አያዋጣም ነው። መርከቡ የሚያተርፈው በሩ ዝግ ስለሆነ ነው። እዚህ ግን በሩ ክፍት ነው፤ ጎረቤት ጠላ ቤት አለ፤ ከዚያ ወዲያ አረቄ ቤት አለ። ትንሽ የሚጠጣው ሰው ጥቅሉን ትቶ በመለኪያ ወደሚሸጠው ይሄዳል። ግሮሰሪው ዘንድ የሚቀረው ብዙ የሚጠጣው ብቻ ነው። አንዱ ከፍሎ ሦስት ጓደኞቹን በአንድ ብርጭቆ ማጠጣቱም አይቀርም። ስለሆነም በትንንሽ ከተሞች በጠርሙስ ቆጥሮ መሸጥ እንጂ ጥቅል የሚያከስር ንግድ ነው።

የሚያዋጣው ሌላ ነው፤ ያልተከፈተውን የመመለስ ውል። ደጋሹ ሃያ ሳጥን ይወስዳል፤ አሥራ አራቱ ከተከፈተ ለአሥራ አራቱ ይከፍላል፤ ስድስቱን ይመልሳል። ባዶ ጠርሙስና ሳጥን በመያዣ ይሰላል። አከፋፋዩ ለሰርገኛ ያሰለፈው ሸቀጥ ሌላ ቦታ ሳይሸጥ ስለሚውል ለዚህ መጠነኛ ጭማሪ ቢጠይቅ አግባብ ነው። ደጋሹም ያንን ጭማሪ ቢከፍል ይሻለዋል፤ ለስድስት ሳጥን ያለ ጥቅም ከሚከፍል ለመመለስ መብት ጥቂት ብር ቢጨምር አይጎዳም። በዚህ ውል ያልታወቀውን ነገር፣ ማለትም የእንግዳውን ጥም፣ ሁለቱ ወገኖች ይካፈሉታል።

አስቀድሞ በሚከፈል ገንዘብ ላይ የመንገዱም ነገር መታሰብ አለበት። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ድረስ ገብቶ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ በተቀሰቀሰው ግጭትም መንገድ የሚዘጋበት፣ መኪና የሚቆምበት ቀን ብዙ ሆኗል። ለመኪና ጭነት ሙሉ ዋጋ የከፈለ ደጋሽ መኪናው ደብረ ታቦር ላይ ቢቆም ሠርጉ አይጠብቀውም። ስለዚህ ውሉ ሸቀጡ ሳይደርስ ቢቀር ገንዘቡ መቼና እንዴት እንደሚመለስ በጽሑፍ መያዝ ይኖርበታል። በቃል የተያዘ ነገር በሠርግ ማግስት ጠብ ይሆናል።

በአዳራሽ ለሚደግሱ

ሠርጋቸውን በከተማ አዳራሽ፣ በሰው ቁጥር ለሚያስተናግዱ ደግሞ የመርከቡ ትምህርት በቀጥታ ይሠራል። በሰው ይህን ያህል ብር ተብሎ መጠጥ ከተካተተ፣ ያልመጣው እንግዳ፣ ሕፃኑና ለስላሳ ብቻ የሚጠጣው ሁሉ እንደ ጠጪ ሊቆጠር ይችላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል። ለእነዚህ ወጣቶች የቢራ ሒሳብ መክፈል በሕግ ለማይሰጣቸው ነገር መክፈል ነው። ስለሆነም ዋጋው ለጠጪና ለማይጠጣ ተለይቶ እንዲተመን መጠየቅ ነውር አይደለም። ባለ አዳራሹ አሻፈረኝ ካለም ትርፉ ከየት እንደሚመጣ በራሱ አፍ ተናገረ ማለት ነው።

ሲጠቃለል

ጥቅል የሚያዋጣው ከዋጋው በላይ እንደሚጠጣ አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ነው። ይህን እርግጠኛ ሆኖ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ከሒሳቡ ይልቅ ጤናውን ቢመለከት ይሻለዋል። ለሌላው ሁሉ በቁጥር መክፈል ይረክሳል። የጥቅሉን ዋጋ ለአንዱ ጠርሙስ ዋጋ ማካፈል የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የሚወጣው ቁጥር እንግዳው በእርግጥ ከሚጠጣው በላይ ከሆነ ውሉ የሻጩ ነው።

ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ደጋሽ የሚበጀው መንገድም ከዚሁ ይገኛል። መሠረቱ የጓሮ ገብስ፣ የጠላ ጋን ይሁን። ቢራው ለክብር ያህል፣ በቁጥርና ያልተከፈተውን በመመለስ ውል ይምጣ። በሬው ግን ከጨረታው ይውጣ። ሙሽሮቹ በክረምቱ የሚያርሱበት ጥንድ በሬ ከሌለ፣ በጥር የተጨበጨበለት ድግስ በኅዳር ጎተራ ውስጥ አይገኝም።