የማኅበሩ ማኅተም በማን እጅ ነው? ስለ ለንደን የኢትዮጵያውያን ማኅበራት የኢሜይል አስተዳደር

በለንደን በሚገኙ የኢትዮጵያውያን ማኅበራት የቦርድ አጀንዳ ላይ «ኢሜይል» የሚለው ቃል የሚሰፍረው አብዛኛውን ጊዜ አገልግሎቱ ሲቋረጥ ወይም የዓመቱ ክፍያ ሲደርስ ነው። በቀረው ጊዜ ጉዳዩ «ኮምፒውተር ያውቃል» ለተባለ አንድ በጎ ፈቃደኛ የተተወ ነው። የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ማን ያውቃል? በማኅበሩ ስም መልእክት የመላክ ሥልጣን የማን ነው? የመጣውና የሄደው ደብዳቤ ስንት ጊዜ ይቀመጣል? ሠራተኛ ሲለቅ የመልእክት ሣጥኑ ለማን ይተላለፋል? እነዚህ ማንኛውም የንግድ ድርጅት ለኢሜይል ሰርቨር አስተዳዳሪው የሚያቀርባቸው የዘወትር ጥያቄዎች ናቸው። ለሸቀጥ ነጋዴ መልሳቸው መዘግየቱ የሚያስከፍለው ገንዘብ ነው። በእኛ ማኅበራት የመልእክት ሣጥን ውስጥ ያለው ግን የጥገኝነት ጠያቂ ቃል፣ አገር ቤት የቀሩ ዘመዶቹ ስልክ ቁጥር፣ የታሳሪዎች ስምና የለጋሾች ዝርዝር ነው። ስለዚህ የሰርቨሩ አስተዳደር ለአንድ ሰው ትከሻ የሚተው ጣጣ አይደለም፤ የቦርዱ፣ የገንዘብ ለጋሹና የሕግ አውጪው ኃላፊነት ነው እንላለን።

ስጋቱ ምናብ የወለደው አይደለም። በማርች 2013 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ ፊንስፓይ የተሰኘው የስለላ ሶፍትዌር የሚታዘዝበትን አንድ ሰርቨር በኢትዮ ቴሌኮም አድራሻ ላይ ማግኘቱን ይፋ አደረገ። ለማጥመጃነት የቀረበው የግንቦት 7 አባላት ፎቶግራፍ ነበር። ሶፍትዌሩን ለገበያ ያቀረበው ጋማ ኢንተርናሽናል በዚችው አገር፣ በሃምፕሻየር አንዶቨር ከተማ ቢሮ የነበረው ኩባንያ መሆኑን የሕግ አውጪዎች ጽሕፈት ቤቶች ልብ ሊሉት ይገባል። በለንደን በጥገኝነት ይኖሩ የነበሩት የግንቦት 7 የአመራር አባል ታደሰ ብሩ ከርስሞ ኮምፒውተራቸው ሲመረመር ይኸው ሶፍትዌር በጁን 2012 እንደነበረበት የሚያሳይ አሻራ ተገኘ። ፕራይቬሲ ኢንተርናሽናልም በፌብሩዋሪ 2014 ለብሔራዊው የወንጀል ኤጀንሲ አቤቱታ አቀረበ።

በዚያው ወር በአሜሪካ ሌላ ክስ ተከፈተ። በትውልድ ኢትዮጵያዊ፣ በዜግነት አሜሪካዊ የሆነው የሜሪላንድ ነዋሪ በፍርድ ቤት «ኪዳኔ» በሚል የብዕር ስም ቀረበ። ከአንድ ከሚያውቁት ሰው የተላለፈላቸውን የዎርድ ሰነድ ከፈቱ፤ ከኦክቶበር 2012 መጨረሻ እስከ ማርች 2013 ድረስ የስካይፕ ንግግራቸውና ጽሑፋቸው ሲቀዳ ቆየ። ፍርድ ቤቱ እንዳስተዋለው መልእክቱ መጀመሪያ የተላከው ለንደን ለነበረ ሰው ይመስላል። አንድ አባሪ ፋይል ከለንደን ሣጥን ተነሥቶ፣ በወዳጅነት እጅ ተላልፎ፣ አትላንቲክን ተሻግሮ የሌላ ሰው ቤት ገባ ማለት ነው። ጥሩ አስተዳደር ያለው ሰርቨር እንዲህ ያለውን አባሪ ከደጅ ሊመልሰው ወይም ቢያንስ ማስጠንቀቂያ ሊለጥፍበት ይችል ነበር። የመጨረሻውን ፍርድ ከታች እንመለስበታለን።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ታሪክ ብዙ ነው፤ ባጭሩ እንለፈው። በ2014 እና በ2015 ሲቲዝን ላብ የኢሳት ጋዜጠኞች ሃኪንግ ቲም በተባለ የጣሊያን ኩባንያ መሣሪያ መጠቃታቸውን ዘገበ። በጁላይ 2015 ደግሞ የኩባንያው የራሱ ማኅደር ተሰብሮ 400 ጊጋባይት ያህል ሰነድ፣ ከኢትዮጵያው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ ጋር የተጻጻፋቸው ኢሜይሎች ጭምር፣ በአደባባይ ተበተነ። የሌላውን ደጅ መስበር ሙያው የሆነ ድርጅት የገዛ ደብዳቤውን መጠበቅ ካቃተው፣ «እኛ ትንሽ ነን፣ ማን ይፈልገናል» የሚለው የማኅበራት መልስ ምን ያህል እንደሚያዋጣ አንባቢ ይፍረድ። በዲሴምበር 2017 የወጣው ዘገባ እንዳሳየውም በብዙ አገሮች የሚኖሩ የኦሮሞ ተሟጋቾችና ጋዜጠኞች በኢሜይል በመጣ አገናኝ ወደ ሐሰተኛ የቪዲዮ ድረ ገጽ ተወስደው፣ የፍላሽ ማደሻ በሚመስል ፋይል ውስጥ የሳይበርቢት ኩባንያ የስለላ ሶፍትዌር ቀርቦላቸዋል። አጥማጆቹ የታወቀ ድረ ገጽ ስም ጠብቀው ቅጥያውን ብቻ ለውጠው ነበር።

«ያ መንግሥት አልፏል» የሚል መከራከሪያ እንሰማለን። የአንድ ማኅበር የደብዳቤ ጥበቃ ግን አዲስ አበባ ላይ ማን እንደተሾመ እየታየ የሚላላና የሚጠብቅ መሆን የለበትም። በዚያ ላይ አደጋ ሁሉ ከጠላት አይመጣም። በሴፕቴምበር 20 ቀን 2021 የብሪታንያ መከላከያ ሚኒስቴር ከታሊባን ለሚሸሹ አፍጋናውያን መልእክት ሲልክ 245 አድራሻዎችን ለተቀባዩ ሁሉ በሚታየው ሣጥን ውስጥ አስገባ። ሁለት ሰዎች ለሁሉም መለሱ፤ አንዱ ያለበትን ስፍራ ጭምር ገለጸ። የመረጃ ኮሚሽነሩ ጽሕፈት ቤት በዲሴምበር 2023 ሚኒስቴሩን 350,000 ፓውንድ ቀጣ። ከዚያ በፊት፣ በኦክቶበር 2021፣ ኤችአይቪ ስኮትላንድ የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ለ105 ሰዎች በላከው ተመሳሳይ መልእክት 10,000 ፓውንድ ተቀጥቷል። ነገሩ የጸሐፊው የጣት ስሕተት ይመስላል። ይሁንና ያን ያህል ዝርዝር ከተራ የመልእክት ሣጥን መውጣት መቻሉ የአስተዳደር ውሳኔ ነው፤ አስተዳዳሪው አንድ ሣጥን በአንድ ጊዜ ለስንት ተቀባይ መላክ እንደሚችል መገደብ፣ የጅምላ መልእክት በተለየ የመላኪያ ዝርዝር ብቻ እንዲሄድ ማድረግ ይችላል። የእኛ ማኅበራት የሐዘን መግለጫና የስብሰባ ጥሪ የሚላከው እንዴት እንደሆነ የሚያውቅ ሁሉ ይህ ለምን እንደሚያስጨንቀን ይረዳል።

አሁን ወደ ማኅተሙ። በአገራችን መሥሪያ ቤት ክብ ማኅተም በመሳቢያ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ያዡ በፊርማ ይረከባል፣ በፊርማ ያስረክባል። የማኅበሩ የዶሜይን ስም ደግሞ የዘመኑ ማኅተም ነው። ኤስፒኤፍ የተባለው መዝገብ በማኅበሩ ስም መላክ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች ይዘረዝራል፤ ዲኪም በእያንዳንዱ መልእክት ላይ ፊርማ ያኖራል፤ ዲማርክ ደግሞ ከሁለቱ አንዱም ካልተገኘ ተቀባዩ ሰርቨር ምን እንዲያደርግ ይነግረዋል። ጉግልና ያሁ ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ በብዛት ከሚልኩ ሁሉ ሦስቱንም መጠየቅ ጀምረዋል። ነገር ግን ብዙዎች ዲማርክን «ምንም እርምጃ አትውሰድ» በሚለው የመጀመሪያ ደረጃ ላይ አቁመው ይረሱታል፤ ሌባውን አይቶ፣ ስሙን መዝግቦ፣ በደጅ የሚያሳልፍ ዘበኛ ቀጥሮ እንደመተኛት ነው። ወደ ማገጃው ደረጃ ለመድረስ ከየሰርቨሩ የሚመጣውን ሪፖርት ለሳምንታት ማንበብ፣ የጋዜጣ መላኪያውንና የሂሳብ ሶፍትዌሩን አንድ በአንድ ማስመዝገብ ያስፈልጋል። የብሪታንያ ብሔራዊ የሳይበር ደህንነት ማዕከል ይህን ሪፖርት ለበጎ አድራጎት ድርጅቶችም ጭምር በነጻ ያነብላቸው የነበረውን አገልግሎት በማርች 2025 አቋርጧል። ገበያው ይተካዋል ተባለ። ገበያው የሚተካው ለከፋይ ነው።

ዲማርክ ሁሉን ያድናል ብለን አናታልል። የራስን ስም ከመሰረቅ ይጠብቃል እንጂ የሚመሳሰል ስም ገዝቶ ከመጣ አጥማጅ አያድንም፤ የ2017ቱ ወጥመድ ይህንኑ ያሳያል። ለዚያ የሚያስፈልገው ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ፣ አደገኛ አባሪዎችን ማገድና ከውጭ የመጣ መልእክት ላይ ምልክት ማድረግ ነው።

ከማኅተሙ ይልቅ የሚብሰው ርክክቡ ነው። ስንቱ ማኅበር የዶሜይን ስሙ በአንድ ቀድሞ ጸሐፊ የግል ስም ተመዝግቦ፣ በግል ካርዱ ሲከፈልለት የኖረ ነው? ሰውየው ቢኮርፍ፣ ቢታመም ወይም አገር ቢቀይር ማኅበሩ ስሙን ያጣል። የጋራው ሣጥን የይለፍ ቃል ለአምስት ሰው በቫይበር የተላከ፣ ሦስቱ ከማኅበሩ የለቀቁበት ሁኔታ እንግዳ አይደለም። ሌላም አለ፤ ማኅበሩን የለቀቀ ሰው ወይም ሣጥኑን የሰበረ አጥቂ «የሚመጣውን ሁሉ ቅጂ ወደዚህ አድራሻ አስተላልፍ» የሚል ደንብ ትቶ ቢሄድ የይለፍ ቃሉን መቀየር ብቻ አይበቃም፤ ደብዳቤው በጸጥታ መፍሰሱን ይቀጥላል። ወደ ውጭ የሚደረግ ራስ ሰር ማስተላለፍን መዝጋት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። የሚጎድለው እንዲዘጋ የሚያዝ ቃለ ጉባኤ ነው።

አሁን ወደ ኪዳኔ ፍርድ እንመለስ። የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በማርች 2017 ክሱን ውድቅ አደረገው፤ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር አልተፈጸመምና የውጭ መንግሥት ያለመከሰስ መብት አይነሣም በሚል። የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች ሌላ መንገድ ያዙ። በኦገስት 2022 ከፍተኛው ፍርድ ቤት የሳዑዲው ተቺ ጋኔም አል-ማሳሪር ክስ እንዲቀጥል ፈቀደ። የባሕሬን ተቃዋሚዎች በዚያው በፊንስፓይ ተሰልለናል ብለው ባቀረቡት ክስ ደግሞ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2023፣ ይግባኝ ሰሚው በኦክቶበር 2024፣ ከውጭ ሆኖ በብሪታንያ ያለን ኮምፒውተር መጥለፍ በብሪታንያ የተፈጸመ ድርጊት ነው አሉ። ይህ ለለንደን ኢትዮጵያውያን ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ዳኛ ፊት የሚቆመው ማስረጃ ነው፤ መልእክቱ ከየት ተነሣ፣ በየትኛው ሰርቨር አለፈ፣ ማን ከፈተው። በማይክሮሶፍት የኢሜይል አገልግሎት የመልእክት ጉዞን መከታተያ መዝገብ ወደ ኋላ የሚሄደው 90 ቀን ነው። የኪዳኔ ኮምፒውተር የተሰለለው ለአራት ወር ተኩል ገደማ ነው። አንድ ማኅበር መዝገቡን በየጊዜው አውጥቶ ካላስቀመጠ፣ ስለላው በታወቀበት ቀን የመጀመሪያው መልእክት አሻራ ጠፍቷል። የስክሪን ፎቶም አይተካውም፤ የላኪው ሰርቨር ዱካ ያለበት ሙሉ ራስጌው የሚገኘው ዋናው መልእክት እንደ ፋይል ሲቀመጥ ነው። ጠበቃ ከመጠራቱ በፊት «ቫይረስ ነው» ተብሎ የሚሰረዘው ግን እሱ ነው።

የመረጃ ጥበቃ ሕጉ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ አታስቀምጡ ይላል፤ እኛ መዝገብ አቆዩ እንላለን። ተቃርኖ የለውም። የሚቆየው ፖስታው፣ የሚጠፋው ደብዳቤው ይሁን። የጥገኝነት ጉዳዩ ያለቀለት ሰው ቃል በጸሐፊው ሣጥን ውስጥ አምስት ዓመት የሚተኛበት ምክንያት የለም። ማን ለማን ጻፈ የሚለው መዝገብ ራሱ ስሱ ስለሆነ ተመስጥሮ፣ ከሁለት ሰው ፈቃድ ውጭ እንዳይከፈት ሆኖ ይቀመጥ።

የራሳችንን ሰርቨር በጽሕፈት ቤታችን እናቁም የሚሉ ወጣት ባለሙያዎች አሉ፤ ለውጭ ኩባንያ አለማመናቸውን እናከብራለን። ሆኖም ከላይ ከዘረዘርናቸው ጥቃቶች አብዛኞቹ የገቡት በሰው እጅ በተከፈተ አባሪና አገናኝ ነው። ማታ ማታ የሚታደስ በጎ ፈቃደኛ ሰርቨር ይህን አይከላከልም፤ ማሻሻያው አንድ ወር ከዘገየ አዲስ ደጅ ይከፍታል። አገልግሎቱን ከትልቅ አቅራቢ መከራየት፣ የዶሜይን ስሙንና መዝገቡን ግን በማኅበሩ ሕጋዊ ስም መያዝ ይሻላል ባዮች ነን።

ለጋሾች «የአስተዳደር ወጪ» እያሉ የሚቆርጡት ይህን ሥራ ነው። ተጋላጭ ሰዎችን ለመርዳት ገንዘብ የሚሰጥ ሁሉ፣ ከናሽናል ሎተሪ ኮሚዩኒቲ ፈንድ ጀምሮ፣ የኢሜይል አስተዳደርን በስምምነቱ ውስጥ ራሱን የቻለ የበጀት መሥመር ያድርገው፤ በምላሹም የርክክብ ሰነድና የዲማርክ ማገጃ ይጠይቅ። ብሔራዊው የሳይበር ደህንነት ማዕከል ለከፍተኛ ስጋት ለተጋለጡ ግለሰቦች የከፈተውን ድጋፍ በውጭ መንግሥታት ለሚታደኑ የስደተኛ ማኅበራት ያስፋ፤ ያቋረጠውን የሪፖርት አገልግሎትም ቢያንስ ለእነሱ ይመልስ። በዳኞች ትርጓሜ ላይ ብቻ የቆመ መብት በይግባኝ ሊናድ ስለሚችል፣ ፓርላማው በ1978ቱ የመንግሥታት ያለመከሰስ ሕግ አንቀጽ 5 ውስጥ ከርቀት የሚፈጸም የኮምፒውተር ጠለፋን በግልጽ ይጻፍልን።

ማሻሻያው ጊዜ ይወስዳል። የፓርላማ አባላት ረዳቶች ግን በዚህ ሳምንት ለሚኒስትሩ የሚቀርብ አንድ የጽሑፍ ጥያቄ ማዘጋጀት ይችላሉ፤ የሪፖርት አገልግሎቱ በተቋረጠበት ቀን ስንት የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ይጠቀሙበት ነበር፣ ከእነሱስ ስንቱ ማገጃው ደረጃ ላይ ደርሰው ነበር?