አኳሪየሙን አረንጓዴ ያደረገው የቡራዩ ውሃ ነው?

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የአኳሪየሙን ፎቶ በኢንቦክስ ላከልኝና «ቲቸር፣ የቡራዩ ውሃ ዓሣዎቼን ጎመን ወጥ ውስጥ ከተታቸው» አለኝ። ሳቄ መጣ። ግን ጥያቄው የሱ ብቻ አይደለም፤ በየግቢያችን ስላለው ሮቶና ጀሪካንም ስለሚነሳ እዚሁ ልመልስ።

አረንጓዴው ነገር አልጌ ነው፤ ክፍል ውስጥ ዋቅላሚ ስንለው የነበረው። ለማደግ ብርሃንና ምግብ ይፈልጋል። ምግቡ ናይትሬትና ፎስፌት ነው። ከቧንቧው ትንሽ ሊመጣ ይችላል፣ አብዛኛው ግን ዓሣው ሳይበላ ከሚተርፈው መኖና ከኩሱ ነው። ፎቶውን ሳየው ደግሞ አኳሪየሙ መስኮት ስር ነው፤ የጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት ይመታዋል። እንግዲህ ውሃው ምን ያድርግ?

ቢጫ ጀሪካንም እንደዚያው ነው። ብርሃን ያሳልፋል፣ ደጅ ከዋለ ውስጡ ይለመልማል። ክዳኑ በደንብ የገጠመ ጥቁር ሮቶ ውስጥ ግን አልጌ አይበቅልም። ጠጠር ጨምረን ጀሪካን የምንንጥበት ድካም፣ ጀሪካኑ ጥላ ውስጥ ቢቀመጥ ግማሹ ይቀር ነበር።

አሁን በረኪና ጠብ አድርጉበት የሚል ምክር ሲዞር አያለሁ። እባካችሁ ተዉ! የፊልተሩ ስፖንጅ ላይ አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ከዚያ ወደ ናይትሬት የሚቀይሩ ባክቴሪያዎች አሉ። እነሱን ከገደላችሁ ዓሣውን አሞኒያ ይጨርሰዋል። ስፖንጁን ቧንቧ ስር ማጠብም ያው ነው፣ ክሎሪኑ ይፈጃቸዋል። ከአኳሪየሙ በቀዳችሁት ውሃ እጠቡት። በሳምንት ሩቡን ውሃ ብቻ ቀይሩ፤ አዲሱ ክፍት ባልዲ ውስጥ አንድ ቀን ይደር፣ ክሎሪኑ ይወጣለታል። መብራት ከስምንት ሰዓት አይብለጥ። መኖ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል።

«ክሎሪን ዓሣ ከገደለ እኛንስ?» ለሚለው፦ ዓሣ ውሃውን የሚያሳልፈው በስንጥቡ ነው፣ ስስ ሥጋውን ያቃጥለዋል። እኛ ግን እንጠጣዋለን። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 5 ሚሊግራም ነው፤ ቤት ሲደርስ ደግሞ ቢያንስ 0.2 እንዲቀር ይመከራል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይሄ ቅንጦት አይደለም። ቧንቧው ባዶ ሲሆን ግፊቱ ይወርዳል፣ በስንጥቁ ከዙሪያው ቆሻሻ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ውሃው ክሎሪን ክሎሪን የሸተተኝ ቀን እኔ ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ ሳምንት ጠፍቶ የመጣው፣ ምንም የማይሸተው ኩልል ያለ ውሃ ነው። (ገፈርሳ ግድብ ከ1930ዎቹ ጀምሮ አፍንጫችን ስር ሆኖ አዲስ አበባን ሲያጠጣ እኛ ጀሪካን መደርደራችን ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ሌላ ቀን እመለስበታለሁ።)

አረንጓዴ ሁሉ ምንም አይደለም ማለቴ ግን አይደለም። ቆቃ ሐይቅን የሚያለብሰው ማይክሮሲስቲስ የሚባለው ባክቴሪያ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያወጣል፤ ውሃውን ብታፈሉትም መርዙ አይጠፋም። በተቃራኒው ናይትሬት አይታይም፣ አይሸትም። አዲስ አበባ ውስጥ በጉድጓድና በምንጭ ውሃ ላይ ተጠንቶ ከሽንት ቤት ጉድጓድ የሚሰርግ መሆኑ ታይቷል። እኛ ሰፈርስ? ቤቱ በአንዴ ፈልቷል፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ሽንት ቤትና የውሃ ጉድጓድ ጎን ለጎን የተቆፈረበት ሞልቷል። ናይትሬት በሊትር ከ50 ሚሊግራም ሲያልፍ በዱቄት ወተት የሚያድጉ ሕፃናትን ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ማፍላት ደግሞ ይብሱን ያከማቸዋል።

ውሃ አገልግሎት ውስጥ የምትሠሩ ተማሪዎቼ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የየሰፈሩን የክሎሪንና የናይትሬት ልኬት በየወሩ ቢሮው በር ላይ ለጥፉልን። አንድ ወረቀት ነው'ኮ! ቁጥሩ ባያምርም ለጥፉት።